በፒኤችፒ ለቫሪያብል መነሻ ዋጋ አሰጣጥ፦ ደረጃ በደረጃ

«ጋሼ፣ ኮዱ እኔ ላፕቶፕ ላይ ምንም አይልም፤ ሰርቨር ላይ ስጭነው ግን ገጹን ዋርኒንግ ሞላው። ምን ነካው?» ይህን ጥያቄ ደብረ ማርቆስ ከማስተምራቸው ልጆችም፣ ከባሕር ዳርና ከፍኖተ ሰላም ከሚደውሉልኝም ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ዋርኒንጉን አንብቡልኝ ስላቸው አብዛኛውን ጊዜ «አንዲፋይንድ ቫሪያብል» የሚል ነው። ኮዱን የምንጽፍበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፒኤችፒ፣ «ይህን ስም አላውቀውም» እያለ ነው። መነሻ ዋጋ ያልተሰጠው ቫሪያብል (ዋጋ የሚቀመጥበት፣ ስም ያለው ቦታ) ለማንበብ ሞክራችኋል ማለት ነው።

ሰርቨሩ አልተበላሸም። ስህተቱ ላፕቶፓችሁም ላይ ነበረ፤ አልታያችሁም እንጂ። ፒኤችፒ 7 እና ከዚያ በፊት የነበሩት ይህን ስህተት «ኖቲስ» ብለው በቀላሉ ያልፉት ነበር፤ ብዙ ሰውም ኖቲስን አጥፍቶ ይሠራል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከወጣው ፒኤችፒ 8 ጀምሮ ግን ደረጃው ወደ ዋርኒንግ ከፍ ብሏል። በፒኤችፒ 9 ደግሞ ኮዱን ጨርሶ የሚያስቆም ኢረር እንዲሆን ተወስኗል። ስለዚህ አሁን ማስተካከል ይሻላል።

ሌላም ምክንያት አለ። ዋርኒንጉ የሚነግራችሁ ጨርሶ ስላልተፈጠረ ቫሪያብል ብቻ ነው። ቀድሞ ተፈጥሮ የሌላ ሰው ሂሳብ ውስጡ ስለቀረበት ቫሪያብል ምንም አይናገርም። እህል የሚሰፍር ሰው ቁናው ውስጥ የቀረ ነገር መኖሩን ሳያይ መስፈር አይጀምርም። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁለቱንም ዓይነት ስህተት ለመያዝ ናቸው፤ ይበልጥ የሚጎዳው ሁለተኛው ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፒኤችፒ 8 ወይም ከዚያ በላይ ያለበት ኮምፒውተር። ዛምፕ ይበቃል፤ ፒኤችፒንና አፓቼ የተባለውን የድረ ገጽ ሰርቨር አንድ ላይ የሚጭን ፕሮግራም ነው።
- ኮድ የምትጽፉበት ኤዲተር፤ ቪኤስ ኮድም ሆነ ሌላ።
- የምታስተካክሉት ኮድ ኮፒ። ሰው እየተጠቀመበት ባለው ሰርቨር ላይ አትለማመዱ።
- የሦስት ወይም የአራት ሰው ትንሽ ዳታ፣ ውጤቱን በእጃችሁ ደምራችሁ የጻፋችሁበት ወረቀት። ትክክለኛውን መልስ አስቀድማችሁ ካላወቃችሁ የተሳሳተውን አትለዩትም።

ስለ ኮዱ አጻጻፍ፦ የፒኤችፒን ቁልፍ ቃላት እዚህ የጻፍኳቸው እንደምንጠራቸው ነው፤ ኤዲተራችሁ ላይ ስትደርሱ በላቲን ፊደል ጻፏቸው። የቫሪያብል ስሞቹን ግን እንዳሉ መጠቀም ትችላላችሁ። ፒኤችፒ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የቫሪያብል ስም ይቀበላል፤ ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 ይቀመጥ እንጂ።

ደረጃ 1፦ ዋርኒንጉን አብሩት

ላፕቶፓችሁ ላይ፣ መጀመሪያ በሚከፈተው ፋይል አናት ላይ እነዚህን ሁለት መስመሮች ጨምሩ፦

ኢኒ_ሴት('ዲስፕሌይ_ኢረርስ', '1');
ኢረር_ሪፖርቲንግ(ኢ_ኦል);

የመጀመሪያው ስህተቱን ገጹ ላይ ያሳያችኋል፤ ሁለተኛው ምንም ሳይመርጥ ሁሉንም ዓይነት ስህተት እንዲያወጣ ያዘዋል። ይህ የሚቀድመው ስህተቱ ካልታያችሁ ቀጣዮቹን ደረጃዎች በግምት ስለምትሠሩ ነው። ማስተካከያውን በፒኤችፒ ዶት ኢኒ ፋይል ውስጥ ካደረጋችሁት ደግሞ አፓቼን አጥፍታችሁ አብሩ፤ ያለዚያ ለውጡን አያነበውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ሕዝብ በሚያየው ሰርቨር ላይ «ዲስፕሌይ ኢረርስ» ጠፍቶ «ሎግ ኢረርስ» ይብራ። የኢረር መልእክት የፋይላችሁን አድራሻና የኮዳችሁን መስመር ለማንም ያሳያል። እናንተ ከሎግ ፋይሉ ታነቡታላችሁ።

ደረጃ 2፦ ከመጻፉ በፊት የሚነበበውን ቫሪያብል ለዩ

ፋይሉን ከላይ ወደ ታች እያነበባችሁ እነዚህን ምልክቶች ፈልጉ፦ += ፣ .= ፣ ++ ፣ -- እና []። ከመጨረሻው በስተቀር ሁሉም አዲስ ዋጋ ከማስቀመጣቸው በፊት የድሮውን ያነባሉ። የድሮው ከሌለ ፒኤችፒ በነል («ምንም ዋጋ የለም» በሚለው) ይተካዋል፣ ያም በመደመር ላይ እንደ ዜሮ ይቆጠራል። መልሱ ብዙ ጊዜ ትክክል የሚመስለው ለዚህ ነው።

ሁልጊዜ ግን አይደለም። መነሻ ባልተሰጠው ቫሪያብል ላይ $ቀሪ++ ብትሉ 1 ይሆናል፤ $ቀሪ-- ብትሉ ግን 1 አይቀንስም፣ እዚያው ነል ሆኖ ይቀራል። ከመጋዘን እቃ የሚቀንስ ኮድ ላይ ይህ ቢገባ ምንም እቃ የወጣ አይመስልም።

[] ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። $ስሞች[] = $ስም; ብላችሁ ብትጽፉ $ስሞች ከዚያ በፊት ባይኖርም ፒኤችፒ አሬዩን (ዝርዝር የሚይዘውን ቫሪያብል) ራሱ ይፈጥርላችኋል፣ ዋርኒንግም አያወጣም። ችግሩ የሚመጣው ሉፑ (ለእያንዳንዱ ሰው እየተደጋገመ የሚሠራው የኮዱ ክፍል) አንድም ጊዜ ሳይዞር ሲቀር ነው። ወሩ ገና ገብቶ የከፈለ ሰው ከሌለ አሬዩ አልተፈጠረም፤ ቀጥሎ ያለው ካውንት የሚቆጥረው አሬይ ስለማያገኝ በፒኤችፒ 8 ገጹ እዚያው ይቆማል። ዓመቱን ሙሉ የሠራ ኮድ ዳታ በሌለበት ቀን የሚወድቀው በዚህ ነው። ከሉፑ በፊት $ስሞች = []; ብላችሁ መጻፍ ይበቃል።

ደረጃ 3፦ ለሥራው የሚስማማውን መነሻ ምረጡ

ለድምርና ለቆጠራ 0፣ እየተቀጠለ ለሚሄድ ጽሑፍ ''፣ ለዝርዝር []፣ አዎ ወይም አይ ለሚል ነገር ፎልስ፣ «ገና አልታወቀም» ለማለት ነል።

ዓይነቱ ለምን አስፈለገ? ዝርዝር የሚይዘውን ቫሪያብል በ'' ጀምራችሁ በ[] ብትጨምሩበት፣ ከፒኤችፒ 7.1 ጀምሮ ኮዱ በኢረር ይቆማል፤ ጽሑፍ [] አይቀበልም። በ0 ብትጀምሩትም በፒኤችፒ 8 እንደዚያው ይቆማል።

0 ለቁጥር ሁሉ ይሆናል ብላችሁ ደግሞ አትዘናጉ። ከደብረ ማርቆስ፣ ከቢቸና፣ ከሞጣና ከቡሬ ገበያ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ መዝግባችሁ ዝቅተኛውን ትፈልጋላችሁ እንበል። $ዝቅተኛ = 0; ብላችሁ ከጀመራችሁ ከዜሮ በታች የሚሸጥ ጤፍ ስለሌለ መልሱ ሁልጊዜ 0 ነው። እዚህ ትክክለኛው መነሻ ነል ነው፦

$ዝቅተኛ = ነል;
ፎርኢች ($ገበያዎች አስ $ከተማ => $ብር) {
    ኢፍ ($ዝቅተኛ === ነል || $ብር < $ዝቅተኛ) {
        $ዝቅተኛ = $ብር;
    }
}

የመጀመሪያው ገበያ ዋጋ ያለ ውድድር ይገባል፤ የቀሩት ከሱ ጋር ይወዳደራሉ። ሉፑ ካለቀ በኋላ $ዝቅተኛ አሁንም ነል ከሆነ የተመዘገበ ገበያ የለም ማለት ነው፤ ያንን ለይታችሁ «ዋጋ አልተመዘገበም» ማለት ትችላላችሁ። 0 ይህን አይነግራችሁም።

ደረጃ 4፦ መነሻውን በትክክለኛው ቦታ ጻፉ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ለእያንዳንዱ ድምር «ይህ ሂሳብ የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሁሉም ከሆነ መነሻው ከሉፑ በላይ ይጻፋል፤ የአንድ ሰው ከሆነ ደግሞ በሉፑ ውስጥ የመጀመሪያው መስመር ይሆናል።

የእድር መዝገብ እንውሰድ። ሦስት አባላት አሉ። አንደኛው 50 እና 50፣ ሁለተኛው 50፣ 50 እና 50፣ ሦስተኛው 50 ብር ከፍለዋል።

$ጠቅላላ = 0;
ፎርኢች ($አባላት አስ $አባል) {
    $የአባሉ = 0;
    ፎርኢች ($አባል['ክፍያዎች'] አስ $ብር) {
        $የአባሉ += $ብር;
    }
    $ጠቅላላ += $የአባሉ;
    ኤኮ $አባል['ስም'] . '፦ ' . $የአባሉ;
}

ውጤቱ 100፣ 150 እና 50 ይሆናል፤ ጠቅላላው 300። አሁን $የአባሉ = 0; የሚለውን መስመር ከሉፑ በላይ፣ ከ$ጠቅላላ ጎን አውጡትና አሂዱት። 100፣ 250፣ 300 ይላችኋል (ኮዱ የማያትመው $ጠቅላላ ደግሞ 650 ይሆናል)። የመጀመሪያው አባል ድምር ትክክል ነው፤ የቀሩት ከእነሱ በፊት የመጡትን ሁሉ ክፍያ ተሸክመዋል። ዋርኒንግ የለም፤ ቫሪያብሉ አለና። ከሁሉም የሚያሳስተው የመጨረሻው ቁጥር ነው። ገንዘብ ያዡ ካዝና ውስጥ ያለውን 300 ቆጥሮ ከዝርዝሩ ግርጌ ካለው 300 ጋር ሲያመሳክረው ይገጥምለታል፣ ዝርዝሩንም ትክክል ነው ብሎ ይቀበላል።

ደረጃ 5፦ ከ«ኢፍ» በፊት መነሻውን ጻፉ

ይህን የተማርኩት ሰው አስቀይሜ ነው። ለሰፈራችን እድር የቅጣት ዝርዝር የሚያወጣ ኮድ ጻፍኩ፤ ከ10 ቀን በላይ የዘገየ 20 ብር ይቀጣል።

ፎርኢች ($አባላት አስ $አባል) {
    ኢፍ ($አባል['የዘገየበት_ቀን'] > 10) {
        $ቅጣት = 20;
    }
    ኤኮ $አባል['ስም'] . '፦ ' . $ቅጣት;
}

ዝርዝሩ እሑድ ስብሰባ ላይ ተነበበ። አንዲት እናት ስማቸው ከ20 ብር ቅጣት ጋር ሲጠራ ብድግ አሉና «እኔ ቀኔን አሳልፌ አላውቅም» አሉ። ደረሰኛቸውን ይዘው ነበር። እውነታቸውን ነው፤ የዘገየው ከእሳቸው በፊት የተጠራው ሰው ነበር።

ኮዱን ቀስ ብላችሁ እዩት። የዘገየው ሰው ሲመጣ $ቅጣት 20 ይሆናል። ቀጣዩ ሰው ካልዘገየ ኢፉ ውስጥ አይገባም፤ $ቅጣትን ወደ 0 የሚመልሰው የለም፣ እዚያው 20 ሆኖ ይጠብቀዋል። እኔ ስሞክረው የዝርዝሩ የመጀመሪያ ሰው የዘገየ ስለነበረ ቫሪያብሉ ገና ከመጀመሪያው ዙር ተፈጠረ፤ አንድም ዋርኒንግ አልወጣም። መጀመሪያ ያለው በጊዜው የከፈለ ሰው ቢሆን ኖሮ ፒኤችፒ ያስጠነቅቀኝ ነበር።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው። በሉፑ ውስጥ፣ ከኢፉ በላይ፦

$ቅጣት = 0;

«ኤልስ ብጨምር አይሆንም?» የሚል አይጠፋም። ለአንድ ኢፍ ይሆናል። ነገ ሌላ ሁኔታ ሲጨመር፣ ለምሳሌ ለቅሶ ላይ ያለ አባል እንዳይቀጣ ሲወሰን፣ አንዱ ቅርንጫፍ $ቅጣትን ሳይነካ ማለፉ አይቀርም። መነሻው ከሁሉም በላይ ከተጻፈ የትኛውም ቅርንጫፍ ቢረሳ ሰው ያለ ጥፋቱ አይቀጣም። ስዊችም ላይ ሕጉ ይኸው ነው።

ደረጃ 6፦ ከፎርም የሚመጣውን በመነሻ ተቀበሉ

$ስልክ = $_ፖስት['ስልክ'] ?? '';

ሁለቱ የጥያቄ ምልክቶች «ከመጣ እሱን፣ ካልመጣ ቀጥሎ ያለውን» ማለት ናቸው፤ ከፒኤችፒ 7 ጀምሮ ይሠራሉ። ይህ የሚያስፈልገው ብራውዘር ሁሉንም ስለማይልክ ነው። ምልክት ያልተደረገበት ቼክቦክስ ጭራሽ አይላክም። «ፈቃደኛ ነኝ» የሚለውን ሳጥን ሳይነካ ያለፈ ሰው ፎርሙን ሲልክ ቁልፉ ራሱ የለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ባዶ የተተወ የጽሑፍ ሳጥን ግን ባዶ ጽሑፍ ሆኖ ይመጣል። ስለመጣ ?? አይተካውም። የኩንታል ብዛት በ ?? 1 ተቀብያለሁ ብላችሁ አትመኑ፤ ሰውየው ሳጥኑን ባዶ ከተወው የምታገኙት '' ነው። ከማባዛታችሁ በፊት ቁጥር መሆኑን አረጋግጡ፤ ካልሆነ ደግሞ ለሰውየው ንገሩት።

ደረጃ 7፦ ፈንክሽን ውስጥ እንደ አዲስ ጀምሩ

ከፈንክሽን (ስም ተሰጥቶት በየቦታው ከሚጠራ የኮድ ክፍል) ውጭ የጻፋችሁት $ቅናሽ = 5; ፈንክሽኑ ውስጥ አይታይም። ብዙ ጀማሪዎች «ከላይ ሰጥቼዋለሁ እኮ» ይላሉ፤ ለፈንክሽኑ ግን አልሰጡትም። የሚያስፈልገውን በቅንፉ በኩል አሳልፉለት፤ ራሱ የሚደምረውን ደግሞ ውስጡ በ0 ይጀምር። ግሎባል የሚለውን ቃል ተጠቅማችሁ ከውጭ ብታስገቡት ዋርኒንጉ ይጠፋል፤ ግን ማንኛውም ፋይል የለወጠው ዋጋ ፈንክሽናችሁ ውስጥ ይገባል።

ክላስ የምትጽፉ ከሆነ፦ ዓይነቱ የተጻፈለት ፕሮፐርቲ መነሻ ሳይሰጠው ከተነበበ ኮዱ በኢረር ይቆማል። እዚያው ስትጽፉት ወይም ኮንስትራክተሩ ውስጥ ዋጋ ስጡት።

ደረጃ 8፦ ዝርዝሩን ገልብጣችሁ አሂዱት

ከእድሩ ስህተት በኋላ ይህን ሳላደርግ ኮድ አላስረክብም። ኮዱን እንዳለ አሂዱና ውጤቱን አስቀምጡ። ከዚያ ዝርዝሩን በአሬይ_ሪቨርስ ገልብጣችሁ፣ የመጨረሻው ሰው መጀመሪያ እንዲመጣ አድርጋችሁ እንደገና አሂዱት። ቅደም ተከተሉ ይለወጣል፤ የእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ግን መለወጥ የለበትም። የአንድ ሰው ሂሳብ እንኳ ከተለወጠ ከፊተኛው ሰው የሚተላለፍ ቫሪያብል አለ፤ ወደ ደረጃ 4 እና 5 ተመለሱ። ቀጥሎም በባዶ ዝርዝር አሂዱት፤ የደረጃ 2 ስህተት ካለ እዚህ ይወጣል።

ፋይሎቹ ከበዙ ፒኤችፒ ስታን የሚባለውን መሣሪያ ጫኑ። ኮዱን ሳያስኬድ አንብቦ ያልተፈጠረ ቫሪያብል ያወጣል፤ በሌቭል 0 ጨርሶ ያልተፈጠሩትን፣ በሌቭል 1 ደግሞ «ምናልባት ሳይፈጠር ሊቀር ይችላል» የሚላቸውን። የደረጃ 5 ዓይነቱን ኢፍ የሚይዘው ሌቭል 1 ነው። ኔት ባለበት አንዴ ካወረዳችሁት በኋላ ያለ ኔት ይሠራል። የደረጃ 4 ስህተት ግን ከሱም ያመልጣል፤ እሱን የሚያጋልጠው መገልበጡ ነው።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ዋርኒንጉን በ@ ማፈን። ምልክቱ ዋርኒንጉን ይደብቃል፤ ስህተቱ ግን እዚያው አለ። ገንዘብ በሚቆጥር ኮድ ላይ ይህን ፈጽሞ አታድርጉ።

ሁሉንም ቫሪያብል ፋይሉ አናት ላይ ሰብስቦ = ''; ማለት። ንጹሕ ይመስላል፤ ዋርኒንጉም ይጠፋል። ግን ዓይነቱ የተሳሳተ ነው፣ በሉፑ ውስጥም መልሶ የሚያጸዳው የለም። ጭራሽ የሚያስጠነቅቀውን ድምፅ ዘጋችሁት። መነሻው ሥራው ከሚጀመርበት መስመር አጠገብ ይሁን።

በየቦታው ኢሴት («ይህ ቫሪያብል አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀውን) መደርደር። ከውጭ ለሚመጣ ዳታ ልክ ነው። ራሳችሁ ለፈጠራችሁት ቫሪያብል ግን የፊደል ግድፈትን ይሸፍናል፤ ስሙን ብትስቱ «የለም» ብሎ በዝምታ ያልፋል። ነል የያዘ ቫሪያብልንም ኢሴት «የለም» እንደሚል አስታውሱ።

ከሉፕ በኋላ የሉፑን ቫሪያብል መጠቀም። ሉፑ ካለቀም በኋላ $አባል የመጨረሻውን ሰው እንደያዘ ይቀራል። በተለይ በ& የዞራችሁት ከሆነ ወዲያው አንሴት አድርጉት (ቫሪያብሉን አጥፉት)፤ ያለዚያ በኋላ በዚያው ስም የምታስገቡት ነገር የመጨረሻውን አባል መዝገብ ይደመስሳል።

የሞክሼ ፊደላት ነገር። በግዕዝ ፊደል ለምትጽፉ ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ ነው። $ሂሳብ እና $ሒሳብ ለእኛ አንድ ቃል ናቸው፤ ለፒኤችፒ ግን ሁለት የተለያዩ ቫሪያብሎች። $ጸሐፊ እና $ፀሐፊ፣ $ዓመት እና $አመትም እንዲሁ። $ሒሳብ = 0; ብላችሁ ጀምራችሁ ውስጥ $ሂሳብ += $ብር; ካላችሁ መጨረሻ ላይ የምታትሙት $ሒሳብ 0 ሆኖ ታገኙታላችሁ። ደረጃ 1ን ሠርታችሁ ከሆነ ዋርኒንጉ የሳታችሁትን ስም ከነመስመር ቁጥሩ ያወጣዋል፤ ስሙን በዓይን ከማንበብ ይልቅ መነሻ ከሰጣችሁበት መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉት።